መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲቀይር ኢሜይሉ የት ይገባል?

በ2008 ዓ.ም. የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር «የገንዘብና ኢኮኖሚ ትብብር ሚኒስቴር» ተባለ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ አጥሮ «የገንዘብ ሚኒስቴር» ሆነ። ማኅተሙ ተቀየረ፤ በበሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ ተቀየረ፤ የደብዳቤው ራስጌም ተቀየረ። የኢንተርኔት አድራሻውም እንዲሁ ከ«ሞፌድ» ወደ «ሞፌክ» ተሻገረ። ታፔላ ጻፊው ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ኢሜይሎችን ከአሮጌው ስም ወደ አዲሱ የሚያሻግረው ባለሙያ የሚጠብቀው ሥራ ግን የወራት ሥራ ነው። ከተቸኮለበት ደግሞ ማንም ልብ ሳይለው ብዙ ነገር ይጠፋበታል።

በአገራችን የኢሜይል ሰርቨር ዝውውር ለአይሲቲ ክፍሉ ተመርቶ የሚረሳ የቴክኒክ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ኃላፊዎች የሚጠይቁት «መቼ ያልቃል?» የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን በዘመናችን ውሳኔ የሚጠየቀው፣ ውል የሚደረደረውና የሚፈረመው፣ አቤቱታ የሚቀርበው በአብዛኛው በኢሜይል ነው። በመሆኑም ኢሜይልን ማዛወር ማለት መዝገብ ቤትን ማዛወር ማለት ነው። መዝገብ ቤቱን ያለ ርክክብ የሚያዛውር መሥሪያ ቤት የለም። ኢሜይሉን ግን ያለ ርክክብ ሲያዛውር ማንም አይጠይቀውም።

ከ«ቴሌኮም» ወደ «ኢትዮኔት»

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በተባለው ፕሮግራሙ አማካይነት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው በስልክ መስመር ደውሎ መልእክቱን ያስቀምጣል፤ ማዕከሉ ደግሞ የተጠራቀመውን በዓለም አቀፍ ጥሪ ይልከዋል። ከዚያም «ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት» የሚል ዓላማ ይዘው የተነሡ ባለሙያዎች ውትወታ ተጨምሮበት፣ በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

የዚያን ጊዜ ደንበኞች አድራሻቸው «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» በሚል ያበቃ ነበር። ኋላ ላይ ይህ ቀርቶ «ኢትዮኔት ዶት ኢቲ» መጣ። ነጋዴው ያሳተመው ቢዝነስ ካርድ፣ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ለለጋሾች የላከው ሰነድ፣ ተመራማሪው በዓለም አቀፍ መጽሔት ጽሑፉ ግርጌ ያሰፈረው አድራሻ ግን አሮጌው እንደሆነ ቀረ። ዛሬም የዚያን ዘመን የምርምር ጽሑፎች የሚያገላብጥ ሰው ያንኑ የቀድሞ አድራሻ ታትሞ ያገኘዋል። አድራሻው ለአገልግሎት ሰጪው የቴክኒክ ስም ነበር፤ ለባለቤቱ ግን ዓለም የሚያውቀው በሩ ነበር።

ስም ሲቀየር፣ ሲዋሐድና ሲከፈል

የአስፈፃሚ አካላት መልሶ ማደራጀት በአገራችን ተደጋጋሚ ነው። በ2003፣ በ2008፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቶች ተዋቅረዋል፣ ተዋሕደዋል፣ ተከፍለዋል። ከኢሜይል አንፃር ሲታይ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያውና ቀላሉ የስም ለውጥ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ምሳሌ ከዚህ ይመደባል። ሠራተኛው ያው ነው፤ ከአድራሻው የሚቀየረው ከ«አት» ምልክት ቀጥሎ ያለው ክፍል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ውሕደት ነው። የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ተጠቃለው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሲሆኑ፣ ወይም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲዋሐድ እንደታየው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የስም ግጭት ይመጣል። የእኛ ስም የራስና የአባት ስም በመሆኑ በሁለት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሦስት አበበ ከበደ ማግኘት አያስገርምም። ከሦስቱ አንዱ የቀድሞ አድራሻውን ይዞ ይቀጥላል፤ ሁለቱ ቁጥር ወይም የአያት ስም ሊጨመርላቸው ነው። ለአንዱ የተላከ የደመወዝ ወይም የዲሲፕሊን ደብዳቤ ለሌላው የሚደርሰው እንዲህ ነው። በዚህ ላይ የስሞቻችን አጻጻፍ በላቲን ፊደል ወጥ አይደለም። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ» እና «ዜድ» ይጀምረዋል። በአንድ ፊደል የተሳሳተ ኢሜይል ደግሞ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ገምቶ የሚያደርስለት አያገኝም።

ሦስተኛውና ከባዱ ክፍፍል ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. ለገቢዎች ሚኒስቴርና ለጉምሩክ ኮሚሽን ተከፍሏል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ከወጡለት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. የቀረው ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፋፍሏል። ተሽከርካሪውና ሕንፃው በኮሚቴ ይከፈላል። የጋራ የሆነው የኢሜይል ክምችት ግን ለማን ይሰጣል? ለሁለቱም ቅጂ ይሰጥ ከተባለ የአንዱ ምስጢር በሌላው እጅ ይገባል። ለአንዱ ይሰጥ ከተባለ ሌላው ያለፈ ታሪኩን ያጣል። ይህ በሰርቨር አስተዳዳሪ የሚወሰን ጥያቄ አይደለም።

ከአረርቲ እስከ አዲስ አበባ

የዚህ ሁሉ ዳፋ ጎልቶ የሚታየው በዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን በሰንሰለቱ ጫፍ ነው። የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አረርቲን እንውሰድ። በጤፏ የምትታወቀው ወረዳ የምትገኘው በሰሜን ሸዋ ዞን ደቡብ ምሥራቃዊ ጫፍ ሲሆን፣ በሦስት አቅጣጫ የምትዋሰነው ከኦሮሚያ ክልል ጋር ነው። የዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ነው፤ የክልሉ ደግሞ እጅግ ርቆ የሚገኘው ባሕር ዳር። ከተማዋ ግን በኑሮዋና በገበያዋ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ታያለች። በግንባታ ዕቃዎች ላይ እንዲያተኩር የታቀደ፣ የቻይና ኩባንያ የተሳተፈበት የኢንዱስትሪ ፓርክም በአቅራቢያዋ ተቋቁሟል።

እንግዲህ አንድ የመሬት፣ የውኃ ወይም የኤሌክትሪክ ጥያቄ ከአረርቲ ሲነሣ በትንሹ አራት እርከኖችን ይነካል እንበል፤ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልልና ፌዴራል። ደብዳቤ ከሆነ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ አራቱም ይዘረዘራሉ። ኢሜይል ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው አራቱ እርከኖች በአራት የተለያዩ ኔትወርኮችና የዶሜይን ስሞች ሥር መሆናቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ ስሙን ወይም ሰርቨሩን ሲቀይር በሌሎቹ ሦስት ላይ ያለው የአድራሻ ዝርዝር ወዲያው ያረጃል። የዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የውስጥ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። በወረዳ ያለው ባለሙያ ግን የሚያውቀው ባለፈው ዓመት በወረቀት ታትሞ የተሰጠውን ዝርዝር ነው።

ኢሜይሉ ተመልሶ ከመጣ ደግ ነው፤ ላኪው አለመድረሱን ያውቃል። የከፋው የማይመለሰው ነው። አሮጌው ሰርቨር አልተዘጋም፤ መልእክቱን ይቀበላል፤ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ግን የለም። ላኪው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መሐል ላይ የሚጉላላው ባለጉዳይ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወረዳዎችን በሳተላይትና በፋይበር ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት ከቪዲዮ ስብሰባና ከስልክ በተጨማሪ የኢሜይል አገልግሎትንም ያካተተ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ መስመር ሲቆራረጥ፣ የይለፍ ቃል ሲረሳና የሚያድስ ሲጠፋ ሠራተኛው ወደሚሠራለት ሄደ። ዛሬ በብዙ የመንግሥት ኃላፊዎች ቢዝነስ ካርድ ላይ የምናየው የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው። አስቸኳይ ደብዳቤ ደግሞ ማኅተሙ እንዳረፈበት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል። ሠራተኛውን መውቀስ አይገባም፤ ሥራ መቆም የለበትም።

ነገር ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲዛወር ማኅተሙን፣ ቁልፉንና ተሽከርካሪውን በርክክብ ሰነድ ፈርሞ ያስረክባል። የጂሜይሉ የይለፍ ቃል ግን በሰነዱ ላይ የለም። የሦስት ዓመት የመሥሪያ ቤት መጻጻፍ ከሰውየው ጋር ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። የግል አድራሻ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው የሚል ካለም፣ ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 በደረሰበት ጥቃት ሦስት ቢሊዮን የሚሆኑት አካውንቶች በሙሉ መጋለጣቸውን ያመነው ከአራት ዓመታት በኋላ፣ በ2017 እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ዝውውሩ እንዴት ይታቀድ?

በብዙ ዶሜይኖች ላይ የተዘረጋ የኢሜይል ሥርዓትን ለማዛወር የሚያቅድ ተቋም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን ቆጠራ ነው። ስንት ሣጥን አለ? የማን ናቸው? ስንቱ የሰው፣ ስንቱ የሥራ መደብ ነው? በፋክስ፣ በስካነርና በፋይናንስ ሶፍትዌር ውስጥ የተሞሉት አድራሻዎች የትኞቹ ናቸው? ጡረታ የወጣ ሠራተኛ አድራሻ የባንክ ወይም የግብር አካውንት ማስከፈቻ ሆኖ እንደተመዘገበ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አብሮ የመቆየት ጊዜ ነው። አሮጌውና አዲሱ ዶሜይን ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው። በአሮጌው አድራሻ የመጣው ሁሉ ወደ አዲሱ ይተላለፋል፤ ከአዲሱ የሚወጣው ደግሞ አዲሱን ስም ይዞ ይወጣል። ይህ የሽግግር ጊዜ በሳምንት የሚለካ መሆን የለበትም። ደብዳቤ አንዴ የተጻጻፈን ሰው በሁለተኛው ዓመት ሊፈልገን ይችላል። አሮጌው የዶሜይን ስም ደግሞ ምዝገባው እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል። በተለይ ከመንግሥት ዶሜይን ውጪ በንግድ ዶሜይን የተመዘገበ ስም እድሳቱ ከታለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል፤ የገዛውም ሰው ለቀድሞው ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ መቀበል ይጀምራል።

ሦስተኛው የቀኑ አመራረጥ ነው። ለአንድ ዶሜይን የሚላክ ደብዳቤ ወደ የትኛው ሰርቨር መሄድ እንዳለበት ለዓለም የሚናገረው «ኤምኤክስ» የተባለው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ ሌሎች ሰርቨሮች ለተወሰነ ጊዜ በማስታወሻቸው ይይዙታል። ጊዜው 24 ሰዓት ከሆነ ለውጡ ከተደረገ በኋላም ለአንድ ቀን ደብዳቤ ወደ አሮጌው ሰርቨር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከዝውውሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይህን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የላኪ ሰርቨሮች ተቀባይ ሲያጡ በተለምዶ ለአራትና አምስት ቀናት ደጋግመው ስለሚሞክሩ የጥቂት ሰዓታት መቋረጥ ደብዳቤ አያጠፋም፤ የአንድ ሳምንት መቋረጥ ግን ያጠፋል። የበጀት መዝጊያ የሆነውን የሰኔን ወር ለዚህ ሥራ የሚመርጥ ተቋም ካለ ደግሞ ገንዘብ ያዦችን ሳይጠይቅ የወሰነ መሆን አለበት።

አራተኛው የመስመሩ አቅም ነው። አንድ ሣጥን 2 ጊጋባይት ቢሆንና ቅርንጫፉ ያለው መስመር በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢያስተላልፍ፣ ያንን ሣጥን ብቻ ለማዛወር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሠላሳ ሠራተኛ ላለው ጽሕፈት ቤት መስመሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ አምስት ቀን ተኩል መሆኑ ነው። በፋይበር ለተገናኘው ዋና መሥሪያ ቤት የቅዳሜና እሑድ ሥራ የሆነው ለወረዳው የሳምንት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የቅርንጫፎቹ አሮጌ ደብዳቤ አስቀድሞ፣ በሌሊትና በየተራ ይሻገር፤ ካልሆነም በሃርድ ዲስክ ተጭኖ በመኪና ይሂድ። በመኪና መላክ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው አዲሱን ሣጥን ባዶውን ሰጥቶ «አልቋል» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ነው።

አምስተኛው የላኪ ማንነት ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ፣ በተለይም በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልኩ ተቋማት፣ «ኤስፒኤፍ»፣ «ዲኪም» እና «ዲማርክ» በተባሉት ዘዴዎች ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ ማስገደድ ጀምረዋል። በሽግግሩ ጊዜ ሁለቱም ሰርቨሮች በተፈቀደላቸው ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ ካልገቡ፣ የባንኩ የሒሳብ መግለጫ ወይም የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ማስታወቂያ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መልእክት ሣጥን ይወርዳል። አጭበርባሪ ደግሞ በቀድሞው ስም ደብዳቤ ለመላክ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም፤ «አድራሻችን ተቀይሯልና የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ» የሚለው ማታለያ የሚታመነው በእርግጥም አድራሻ በሚቀየርበት ሰሞን ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ብዙ ተቋማት ይህን ጥያቄ አሁን እንዲመልሱ የሚያስገድድ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ለተባሉት በተቋማት ግቢ ለሚተከሉ የኢሜይል ሰርቨሮቹ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የደኅንነት ማስተካከያ የማይደርሰው ሰርቨር ምን ሊገጥመው እንደሚችል በ2013 ዓ.ም. ታይቷል፤ በዚያው ኤክስቼንጅ ላይ በተገኙ ክፍተቶች ምክንያት በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተሰብረዋል። ስለዚህ ባለበት መቆየት ራሱ አደገኛ ምርጫ ሆኗል።

አንዳንዶች መፍትሔው ሁሉንም ወደ ውጭ ኩባንያዎች ክላውድ ማውጣት ነው ይላሉ። ጥገናው ይቀላል፤ የባለሙያ እጥረቱም ይቃለላል። ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መረጃውም በሌላ አገር ሕግ ሥር ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ሁሉም በአገር ውስጥ፣ በራሳችን ሕንፃ ይሁን ይላሉ። ሕንፃው የራስ መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግን ከአዲስ አበባ የተሻለ ምሳሌ የለም። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ከአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ኅብረቱም ሰርቨሮቹን ለመቀየር ተገዷል። ቻይና ዘገባውን ያስተባበለች ሲሆን የኅብረቱ ኃላፊዎችም አልተቀበሉትም። እውነቱ የትም ይሁን የት፣ ዋናው ጥያቄ ማሽኑ የት ተቀምጧል ሳይሆን ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው መሆኑን ክርክሩ አሳይቷል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመስመር መቋረጥ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ሰርቨሩን በወረዳው ወይም በዞኑ ያስቀመጠ ተቋም መስመሩ ሲቋረጥ ከአምስት ቀን በኋላ ደብዳቤዎቹን ማጣት ይጀምራል። ሣጥኑ በተረጋጋ ዳታ ሴንተር ውስጥ ከሆነ ግን ደብዳቤው ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ሣጥኖቹ መብራትና መስመር በማይቋረጥበት ማዕከል፣ የሥራ ቅጂው ደግሞ በሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ቢሆኑ፣ እንደ አረርቲ ላሉ ከተሞች የሚሻለው ይኸው ነው።

ርክክቡን ማን ይፈርም?

በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። በአንድ መስኮት ለማገልገል ግን በጀርባ ያሉት ዶሜይኖች መነጋገር አለባቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት በኃላፊነት እንዲጠብቁት ያስገድዳል። የቤተ መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179/1991 እና የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መዝገብ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ተቀብለው የወጡ ናቸው። መዝገቡ በአንድ የተዛወረ ኃላፊ የግል ኢሜይል ውስጥ ወይም ማንም በማይከፍተው አሮጌ ሰርቨር ላይ ከሆነ እነዚህ ሕጎች በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ አድራሻ ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደቡ ይሰጥ፤ «የአረርቲ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ» የሚለው ሣጥን ሰው ቢቀያየርም እዚያው ይቆይ፤ የይለፍ ቃሉም እንደ ማኅተሙ በርክክብ ሰነድ ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ የዶሜይን ስም ከሚኒስቴሩ ምሕጻረ ቃል ይልቅ ከሥራው ይውጣ። ገንዘብ፣ ግብርና፣ ጤና የሚሉ ስሞች የየትኛውንም ካቢኔ ዕድሜ ያልፋሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ከሕግ አውጪው የሚጠበቅ ነው። የአስፈፃሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስኑት አዋጆች የቀድሞው መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ለአዲሱ መተላለፉን የሚገልጽ አንቀጽ ይዘው ይወጣሉ። በዚያ አንቀጽ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመር በቂ ነው። አንደኛው የቀድሞው የኤሌክትሮኒክ አድራሻና መዝገብ ለማን እንደሚተላለፍ ይናገር፤ ሁለተኛው አሮጌው አድራሻ ለምን ያህል ዓመት ደብዳቤ መቀበሉን እንደሚቀጥል ይወስን። ያኔ ቀጣዩ የመዋቅር ለውጥ ሲመጣ ከአረርቲ የተላከው ደብዳቤ ተቀባዩን የሚያገኘው በአንድ የአይሲቲ ባለሙያ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይሆናል።